ሥርጉትና የጠላችው ዓይነ ርግብ

ገላው እባላለሁ። የካ ውስጥ፣ ከክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ዝቅ ብሎ ፎቶ ቤት አለኝ። ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ፣ ለሙት ዓመት እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳነሳ ኖሬያለሁ። ፊቱን አምኖ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አንዱ ጆሮዬ ይበልጣል ይላል፣ ሌላዋ በዚህ በኩል አታንሳኝ ትላለች፣ ፎቶው ሲወጣ ደግሞ ሁሉም “ይኼ እኔ ነኝ?” ብሎ ይጣላኛል። ጥሉን የምታበርደው ሥርጉት ናት።

ሥርጉት የጓደኛዬ የሠረቀብርሃን ልጅ ናት። አባቷ እንጦጦ ላይ የደን ጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ሞተ። ለአንድ ክረምት ብቻ ታግዘኝ ብዬ ወሰድኳት፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። እኔ አነሳለሁ፣ እሷ ኮምፒዩተሩ ላይ ታቃናለች። ብጉር ታጠፋለች፣ የተጨፈነ ዓይን ትከፍታለች፣ ከረባት ለሌለው ከረባት ታስርለታለች። አንዴ አንዲት ሴትዮ የሟች ባሏን የመታወቂያ ፎቶ ይዛ መጣች። ሥርጉት ሰውዬውን ሙሉ ልብስ አልብሳ ከጎኗ አቆመችላት። ሴትዮዋ በሕይወቱም እንዲህ አምሮበት አያውቅም ብላ እየሳቀችም እያለቀሰችም ሄደች።

ይህቺ ሁሉን የምታሳምር ልጅ አንድ ነገር አጥብቃ ትጠላ ነበር፤ የሙሽራ ዓይነ ርግብ። ስለ ሠርግ ፎቶ ልትነጋገር የምትመጣን ሴት ሁሉ ይዛ ትመክራለች። ፊት ያልታየበት ፎቶ ምን ይሠራል፣ በወንፊት ውስጥ እንዳለ ሰው ነው የምትመስዪው፣ እኔም ልጠግንሽ አልችልም ትላቸዋለች። በእሷ ምክር ዓይነ ርግቧን ትታ የሄደች ሙሽራ ቁጥር የለውም። እኔ ጣልቃ አልገባም፤ ሥራው የእሷ ነው።

በመጨረሻ የራሷ ተራ ደረሰ። ልደቱ ይባላል፤ መሪ አካባቢ የበርና የመስኮት በያጅ ነው። መጀመሪያ የመጣው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ነበር፤ ግንባሩ ላይ የብየዳ ጭምብሉ ያሰመረው ጥቁር መስመር ነበረበት። ሥርጉት ታጠብና ተመለስ አለችው። ታጥቦ ተመለሰ። በሳምንቱ ሌላ ጉርድ ፎቶ እፈልጋለሁ ብሎ መጣ፣ በሚቀጥለውም ሳምንት መጣ። ይኼ ልጅ ስንት መታወቂያ ነው የሚያወጣው ብዬ ስጠይቃት ፊቷን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞረች። በዓመቱ ሽማግሌ ተላከ፣ እኔም በሴት ወገን ተቀመጥኩ፤ ልጃችንን ሰጠን።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ተቆረጠ። ቬሎው ተከራየ። ዓይነ ርግቡን ግን አልፈልግም ብላ ለአከራይዋ መለሰችላት። እናቷ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ለመኗት፣ የልደቱ እናት ወይዘሮ አስካለማርያም ደግሞ ተቆጡ። ሙሽራ ያለ ዓይነ ርግብ ምሳ የተጋበዘች እንግዳ ነው የምትመስለው አሉ። ልደቱ ግን የወደድኳት በፊቷ ነው፣ በጨርቅ ምን ያስሸፍናታል ብሎ ከሥርጉት ወገን ቆመ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ መስሎን ነበር። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ሲባል ግን ዝም ብሎ አይደለም።

ለሠርጉ አሥራ አንድ ቀን ሲቀር እነሥርጉት ቤት ቅቤ ይነጠር ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከድስቱ አጠገብ ስታግዝ ቆይታ፣ በላብ እንደተዘፈቀች ልብስ ልታሰጣ ወደ ፀሐይ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ውኃ ስትጠጣ ውኃው በግራ አፏ በኩል ወርዶ ልብሷን አበሰበሰው። ሳቀች። ስትስቅ መስታወት ውስጥ ያየችው ፊት በአንድ በኩል ብቻ ሳቀ።

ዛሬ አልገባም፣ እርስዎ ይምጡ የሚል መልእክት በስልኬ ላከችልኝ። በባሕር ዛፉ መሀል ባለው አቀበት እያለከለክሁ ወጣሁ፤ ቤታቸው ወደ እንጦጦ ከፍ ብሎ ነው። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስገባ ነጠላውን ዝቅ አደረገችው። የግራው ፊቷ በሙሉ ወርዷል። ከንፈሯ ወደ ቀኝ ተስቧል፣ የግራ ዓይኗ አይከደንም፣ እንባ ብቻ ያንጠባጥባል። ያልፋል አልኳት በጥድፊያ። “ጋሼ፣ ደነገጡ” አለችኝ። አልደነገጥኩም ብዬ ዋሸሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም።

ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። የፊት ነርቭ ነው፣ የሚዋጥ መድኃኒትና የዓይን ጠብታ ይኸው፣ ዓይንሽን ከንፋስና ከአቧራ ጠብቂ፣ ብዙው ሰው በሦስት ሳምንትም በሦስት ወርም ይድናል አሏት። ከዚህ ሁሉ የሰማችው “ብዙው” የሚለውን ብቻ ነበር። እኔ ከጥቂቶቹ ብሆንስ እያለች አናቴን አዞረችው። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ምች ነው ብለው ዳማከሴ እያሹ ፊቷን ቀቡት፣ በየማለዳው ወደ እንጦጦ ጸበል ይዘዋት ወጡ። እንክብሉንም፣ ዳማከሴውንም፣ ጸበሉንም እኩል ያዘችው። ቀኑ ግን አልጠብቅ አለ፤ አሥር ቀረ፣ ዘጠኝ ቀረ፣ ፊቷ እንደወረደ ነው።

የሚያስጨንቃት መልኳ ብቻ አልነበረም። እኔና እሷ የስንቱን ሠርግ ፎቶ አገላብጠናል፤ ሙሽራው ገብቶ ሙሽሪትን ገና በሚያያት ሰዓት ፊቱ ላይ የሚወጣው ነገር በልምምድ አይመጣም፣ በኮምፒዩተርም አይታከምም። እዚያ ሰዓት ላይ የተሰላቸ ሙሽራ አይተናል፣ የፈራ አይተናል፣ ሌላ ሴት በዓይኑ የሚፈልግም አይተናል። “ልደቱ ሲያየኝ የሚያሳየኝን ፊት ነው የምፈራው። ያን ካየሁ ዕድሜዬን ሙሉ ከዓይኔ አይጠፋም” አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው እኔ ሞኙ አፌን የከፈትኩት። ዓይነ ርግቡን ልበሺ አልኳት። ከሩቅ ማንም አይለይም፣ እኔ በቀኝ በኩል ብቻ አነሳሻለሁ፣ የቀረውን ኋላ አንቺው ታቃኚዋለሽ አልኳት። “ሲገለጥስ?” አለችኝ። ያኔ እናያለን ብዬ አለፍኩት። በነጋታው የቬሎው አከራይ ዓይነ ርግቡን መልሳ እንድትልከው ተነገራት። ወይዘሮ አስካለማርያም ይህን ሲሰሙ፣ ልቦና ሰጣት ብለው ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ልደቱን ማራቅ መጀመሪያ ቀላል ነበር። ሙሽራ ሠርጓ ሲቃረብ ለሙሽራው አትታይም፣ የአባት የእናት ወግ ነው አሉት ወይዘሮ ፍቅርአዲስ፤ ወግ አክባሪ ነውና እሺ አለ። ያስቸገረው ስልኩ ነው። ከንፈሯ አልገጥም ሲል “በ” እና “መ” ከአፏ አይወጡም፣ ንግግሯ ሁሉ ይንሻፈፋል። ስለዚህ ስልኩን አታነሳም፣ በጽሑፍ ብቻ ትመልስለታለች። ድምፅሽን ልስማ ይላታል፤ ጉሮሮዬን አሞኛል ትለዋለች። መድኃኒት ይዤ ልምጣ ይላታል፤ አይሆንም ትለዋለች። ዓይነ ርግብ አስመልሰሻል አሉ፣ ምን ተገኘ ብሎ ሲጠይቃት እንዲሁ ነው ብላ መለሰችለት። እንዲሁ ነው የሚል መልስ ለሚጨነቅ ሰው ምን እንደሚያደርገው ማናችንም አላሰብንም። የራሳችን ጭንቀት የእሱን ጋርዶብን ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት እኔ እዚያው እያለሁ የግቢው በር ተንኳኳ። አቶ ወልደ ሐዋርያት ናቸው፤ ያን ጊዜ የልደቱን የጋብቻ ጥያቄ ይዘው የመጡት ሽማግሌ። ከአንድ ሌላ አዛውንት ጋር ሆነው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሥርጉት ዘላ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ሽማግሌ ከሠርግ በፊት ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ በጎ ነገር ይዞ እንደማይመጣ አውቃለሁ።

አቶ ወልደ ሐዋርያት ሲቀመጡም፣ ውኃ ሲቀበሉም፣ ስለ ብርዱ ሲያወሩም አልቸኮሉም። በመጨረሻ ግን ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና፣ “እኛ ልንወቅስ አልመጣንም” አሉ። “ልጁ እህል መቅመስ ትቷል። አስቀይሜያት ከሆነ ልካስ፣ ሐሳቧን ለውጣ ከሆነ ግን እሁድ በሰው ፊት ከምታዋርደኝ ዛሬ ትንገረኝ ነው የሚለው። እኛም ቃሏን ከራሷ ሰምተን እንሂድ።”

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በሽበቴ ዋሸሁ። ለጉሮሮዋ ጸበል ወጥታለች፣ ሐሳብ የሚባል ነገር አልለወጠችም፣ ምስክሯ እኔ ነኝ አልኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር፤ እሳቸውም የሰሙ መሰለኝ፣ መጋረጃውን አንዴ አይተው ዓይናቸውን መለሱ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን ገና ሽማግሌዎቹ ከበሩ ሳይወጡ ነው የቀለለው።

እንደወጡ ሥርጉት ከመጋረጃው ወጣች። ዳማከሴው በእንባዋ ታጥቦ ጉንጯ አረንጓዴ ሆኗል። ነገ መሪ ይውሰዱኝ አለችኝ። እናቷ ልብሷን ያዙ። አይቶሽ ቢሄድስ ልጄ፣ አራት ቀን ነው የቀረው፣ ታገሺ፣ እስከ እሁድ ሊሻልሽም ይችላል እያሉ ለመኗት።

“ከሄደ ሐሙስ ይሂድ፤ እሁድ ከሚሄድ” አለች።

ሐሙስ ጠዋት ወጣን። መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይረን ወደ መሪ ስንሄድ አፏንና አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ከኋላችን ያሉ ሴትዮ ጎንበስ ብለው፣ ጥርስሽን ነው ልጄ ብለው ጠየቋት። ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች። ከቦርሳቸው ቅርንፉድ አውጥተው ሰጧት። የሚያምሽ ላይ ንከሺው አሏት። አመስግና ተቀበለች፤ መሪ እስክንደርስ ቅርንፉዱን በእጇ ጨብጣ ይዛው ነበር።

የልደቱ ብየዳ ቤት ከኮንዶሚኒየሞቹ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ቁጢጥ ብሎ አንድ የግቢ በር ይበይዳል፣ ፊቱ በጭምብሉ ተሸፍኗል። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቀረሁ። ከዚያ በላይ መጠጋት ድፍረት መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቼም ነበር። እሷ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ጥላዋን ነው ያየው፤ ብየዳውን አቋርጦ ጭምብሉን ወደ ላይ ገፋው። እሷም ነጠላዋን አወረደች።

ልደቱ ብድግ ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እኔም አየሁ፣ እሷም አየች። ስምንት ቀን ሙሉ ስትፈራው የሰነበተችው ነገር ያ ነበር፤ መጣ። ሰማይ ግን አልተደፋም። ከኋላው የሚሠሩት ሰዎች መዶሻቸውን እንኳ አላቆሙም። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ነው የነገረችኝ።

“ማን ነው የመታሽ?” ነበር ያላት። በእጁ የያዘውን ብረት አላስቀመጠም ነበር። ሰው አይደለም፣ ምች ነው ብላ የሆነውን ሁሉ በዚያ በተንሻፈፈ አፏ ነገረችው፤ ቅቤውን፣ ሐኪሙን፣ ብዙው ሰው ይድናል መባሉን፣ ከመጋረጃ ጀርባ መደበቋንም። ልደቱ ብረቱን ወረወረው። ሌላ ሰው አግኝታ ነው እያልኩ ስምንት ቀን ስቃጠል፣ ለእናቴ በምን አፌ እንደምነግራት ስለማመድ ነው የሰነበትኩት አላት። ይናደዳል ብላ አላሰበችም ነበር፤ ያዝናል ወይም ይሸሻል እንጂ። ይቅርታ ጠየቀችው። ብረቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። በመጨረሻ፣ እሁድ ዓይነ ርግቡን ልልበስ ወይስ ይቅር ብላ ጠየቀችው።

“እንደፈለግሽ” አላት፤ ጭምብሉንም መልሶ አወረደው።

ይህ ቃል ሦስት ቀን ሙሉ አሠቃያት። እኔንም እንዲሁ። እንደፈለግሽ ማለት ለእኔ ፊትሽ ምንም አይደለም ማለት ነው? ወይስ ተሸፈንሽም ተገለጥሽም ለእኔ አንድ ነሽ፣ አልቋል ማለት ነው? አርብ ዕለት አቶ ወልደ ሐዋርያት ደውለው ሚዜዎቹ በስንት መኪና እንደሚመጡ ነገሩን። መምጣቱን አወቅን። በምን ፊት እንደሚመጣ ግን የሚነግረን አልነበረም። ስልክም አልደወለላት፣ ቃልም አልጻፈላት። ካሜራዬን ስወለውል ሌንሱን ሁለቴ ልጥለው ነበር።

እሁድ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ንፋስ ሸራውን ያርገበግበዋል። የሥርጉት አንደኛ ሚዜ ሰላማዊት ኩሉንና ቀለሙን ጨርሳ፣ በግራ ዓይኗ ጠብታ ጨምራላት ቆማለች። ዓይነ ርግቡ አልጋው ላይ ነው። ሥርጉት ታነሳዋለች፣ ታጠልቀዋለች፣ መስታወት ታያለች፣ ታወልቀዋለች። ሦስቴ እንዲህ አደረገች። ሰላማዊት ልበሺው ትላለች፣ እናቷ በእመቤቴ ልበሺው ይላሉ፣ እሷ ወደ እኔ ዞረች። እንደ ፎቶ አንሺ ይንገሩኝ አለችኝ። እንደ ፎቶ አንሺ ከጠየቅሽኝ አውልቂው፣ እንደ አባትሽ ጓደኛ ከጠየቅሽኝ ልበሺው፣ አንዴ ስላሳሳትኩሽ ግን እኔን አትጠይቂኝ አልኳት። አራተኛውን ጊዜ አጠለቀችውና ወጣን።

ሳሎኑ በዘመድ ጢም ብሏል። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊቷን ከእናቷ፣ ከሰላማዊትና ከእኔ በቀር ያየ የለም። አክስቶቿ እንዴት ታምራለች፣ ዓይነ ርግብ እኮ ለሙሽራ ሞገስ ነው ይባባላሉ። እሷ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አበባዋን ጨብጣለች፤ እጇ ላይ ያለው ደም ሥር ቆሟል። ብዙም ሳይቆይ በአቀበቱ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። የእሷ ሚዜዎች እንደ ደንቡ በሩን ዘግተው፣ ሙሽራውን አናስገባም ብለው መዝፈን ጀመሩ። ከውጭ የወንዶቹ ድምፅ ይመልሳል፣ በሩ ይገፋል። ልደቱ ከዚያ ጣውላ ጀርባ ቆሟል።

በዚህ መሀል ሥርጉት አበባውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ በሁለት እጇ ዓይነ ርግቡን ይዛ ራሷ ወደ ኋላ ገለበጠችው።

ከአጠገቧ ያሉት እልልታቸው አፋቸው ላይ ቀረ። እሱ እኮ ነው የሚገልጠው አሉ እናቷ፤ ድምፃቸው ለቅሶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሥርጉት ፊቷን ከግራ ወደ ቀኝ አዙራ፣ ቤት ሙሉውን ሰው አንድ በአንድ አየችው። ቃሏ ቢንሻፈፍም ሁላችንም ሰማን።

“እሱ ሐሙስ ደንግጦልኛል። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እሱ ሳይገባ ጨርሱ።”

አንዷ አክስቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ አንዱ ሰውዬ ዓይኑን ወደ መሬት ተከለ። ደነገጡ፣ አዘኑ፣ ከንፈር መጠጡ፣ ከዚያ ሌላ ምን ያደርጋሉ? ሁሉም አይቷት እስኪበቃው ጠበቀች። ልጁ የሚገባበት ክፍል ከድንጋጤ የጸዳ እንዲሆንለት ፈልጋ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ለእሷ ስፈራ እሷ ለእሱ እያሰበች ነበር። ከዚያ ልጃገረዶቹን በሩን ክፈቱ አለቻቸው።

ልደቱ አበባ ይዞ ገባ። እናቱ ከኋላው ናቸው። ካሜራዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ ፊቱ ላይ አነጣጠርኩ፤ ያን ለማየት ከማንም በላይ የፈራሁት እኔ ነኝ፣ ለማንሳት የተቀጠርኩትም እኔ ነኝ። አያት። ቆመ። ከዚያ የቀኝ አፉ ወደ ላይ ወጣ፣ የግራው በቦታው ቀረ። ግራ ዓይኑን ሳይጨፍን አፈጠጠ። አፌዘባት አልኩ በልቤ። ወይዘሮ አስካለማርያም ደግሞ የልጃቸውን ፊት በጎን አይተው እልልታቸውን መሀል ላይ አቋረጡት።

ሥርጉት ረጅም ጊዜ አየችው። ቤቱ ሁሉ እሷን ያያል። ከዚያ የእሷም የቀኝ አፏ ወደ ላይ ወጣ። ሁለቱ ሙሽሮች በአንድ በኩል ብቻ ፈገግ ብለው ተያዩ፤ እኔም የካሜራዬን ቁልፍ ተጫንኩት።

ምሳ ላይ ወሬው ሌላ ነበር። ምች ይጋባል እንዴ የሚል ሰው አልጠፋም። ወይዘሮ አስካለማርያም ሦስት ጊዜ ተነስተው የልጃቸውን ጉንጭ ዳሰሱ፣ በመጨረሻም ዳማከሴ አምጡልኝ አሉ። ዳቦው ሲቆረስ የልደቱ አፍ ደክሞት በራሱ ጊዜ ቀና አለ፤ እናቱም መድኃኔ ዓለም ይመስገን ብለው ተቀመጡ። እሱ ምንም አላስረዳም። ለሥርጉት ብቻ ወደ ቤቱ ሲወስዳት መኪና ውስጥ ነገራት። ሐሙስ ወደ ኋላ የሄድኩት ነገር ሲያንገበግበኝ ሰነበተ፣ ምን ብዬ እንደምደውልልሽ ጠፋኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭምብሌ ውስጥ ሆኜ እንዳንቺ በአንድ በኩል መሳቅ ስለማመድ ነበር፣ ስበይድ ማን ያየኛል አላት። ዓይነ ርግቡን ሰኞ ጠዋት እኔው ወስጄ ለአከራይዋ መለስኩት።

ለፋሲካ የሥርጉት ፊት ተመልሶ ነበር። አሁን ስትስቅ የግራ ዓይኗ ትንሽ ዘግየት ይላል፤ ያን የምናውቀው ቤተሰቧና እኔ ነን። ፎቶው ተለቅ ተደርጎ ታጥቦ መስኮታችን ላይ ተሰቅሏል። ለመታወቂያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል፣ እነዚህ ምን ሆነው ነው ብሎ ይጠይቃል። ሥርጉት ሙሽሮች ናቸው ትላለች፣ ከዚያ በላይ አትጨምርም።

በቀደም ወይዘሮ አስካለማርያም መጡ። የራሳቸውን ቅጂ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ያንቺስ ምች መሆኑን አገር ያውቃል አሏት፤ የልጄን ግን እንግዳ ባየው ቁጥር ይስቅበታል፣ የሞተን ሰው ሙሉ ልብስ ታለብሺ የለም ወይ፣ የእሱን አፍ ብቻ ቀና አድርጊልኝ አሏት። ለእሷ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሥርጉት ፎቶውን በሁለት እጇ አንስታ አየችው፣ መልሳም ወደ አማቷ ገፋ አደረገችው።

“እማማ፣ የእሱን ካቀናሁት እዚህ ላይ ብቻዬን እቀራለሁ” አለቻቸው።

ወይዘሮ አስካለማርያም መነጽራቸውን አውጥተው ፎቶውን እንደገና አዩት። ከዚያ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።